ሚኒስትር የማይጠራበት ሸንጎ፤ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ነገር

እኔ የጊንጪ ልጅ ነኝ። ከጊንጪ አምቦ በሚኒባስ ስመላለስ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መሬት፣ ስለ መንገድ የማይነሳ ጥያቄ የለም፤ የሚመልስ ነው የሚጠፋው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የማስተር ፕላኑ ጥያቄ አምቦ ላይ አደባባይ ወጥቶ የሰው ሕይወት ጠፋበት። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ከጊንጪ ተነስቶ ኦሮሚያን አዳረሰ።

ክፍል ውስጥ ይህን አንስቼ ጥያቄው በላይኛው ምክር ቤት ሚኒስትሮቹ ፊት ቢቀርብስ ኖሮ አልኩ። መምህራችን ሕገ መንግሥቱን አንብቢ አሉኝ። አነበብኩ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 55 ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን የተሰጠው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። በፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥልጣኖች ዝርዝር ውስጥ ግን ይህ የለም። ከመነሻውስ እንዴት ነበር ብዬ ወደኋላ ስሄድ ከበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጋር ተገናኘሁ።

ሰውዬው በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። ከዐድዋ ድል በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ሩሲያ ሄደው መድፈኝነት ተማሩ። አገራቸው ሲመለሱ ያዩት አስተዳደር አላስደሰታቸውም፤ አውሬዎችን እያናገሩ ሹማምንትን የሚነካ ተውኔት ጻፉ፤ ተውኔቱም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። (በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት የሚባለው ይሄው ነው።) ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ። ከዚያ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ የጃፓንን አርአያ አድርገውም ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ።

እኔን ያስደነገጠኝ እዚህ ጋ ነው። ምክር ቤቶቹ ቢያስፈልጋቸው እንኳ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሚኒስትር መጥራት አይችሉም ይላል። ሚኒስትሩም ሳይፈቀድለት ገብቶ መነጋገር አይችልም። የላይኛው፣ ማለትም የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላት ደግሞ ንጉሡ ከመኳንንቱ መካከል የሚሾሟቸው ናቸው፤ በሚኒስትርነት፣ በዳኝነት ወይም በጦር አለቅነት ብዙ ያገለገሉ። ጠያቂ ቢሆኑ ኖሮ እኮ የቢሮውን ጓዳ የሚያውቁ እነሱ ነበሩ! በረቂቁ ላይ ንጉሡም መኳንንቱም ተነጋግረውበታልና ሁሉን በተክለ ሐዋርያት ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ያኔ እሳቸው ራሳቸው ሚኒስትር ነበሩ፤ አንቀጹ የእሳቸውንም ወንበር ከጠያቂ ጠብቋል። በተውኔት ሹማምንትን የነኩ ሰው ይህን እንዴት ፈቀዱ እላለሁ።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ጄኔቭ ላይ ለኢትዮጵያ ተሟገቱ። ቀጥሎ ከንጉሡ ጋር ተቃቃሩና ማዳጋስካር ውስጥ ረጅም የስደት ዘመን አሳለፉ። በዚህ መሀል የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መጣ። አሁን ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ ሚኒስትርን መጥራት ቻለ፤ ጥያቄው ግን ሊወጣ ባለ ሕግ ላይ ብቻ ነው። ሚኒስትሩ ወይ ራሱ ይመጣል ወይ ምክትሉን ይልካል፤ ከፈለገም በጽሑፍ ይመልሳል። የላይኛው ምክር ቤት አባላት አሁንም በሹመት ነው የሚገቡት።

ተክለ ሐዋርያት ከስደት ተመልሰው ሂርና ላይ በእርሻ ኖሩ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አውርዶ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ሲዘጋ በሕይወት ነበሩ። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው።