ኒኮላይ ኮሮሊዮቭ፦ በኦሊምፒክ ያልተሰለፈው ብርቱ ቦክሰኛ

በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የቦክስ ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሳ የከባድ ሚዛን ተፋላሚዎች አንዱ ኒኮላይ ኮሮሊዮቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 በሞስኮ የተወለደው ይህ አማተር ቦክሰኛ ካደረጋቸው 219 ግጥሚያዎች 206ቱን በድል በመወጣት ዘጠኝ ጊዜ የአገሩ ሻምፒዮን ለመሆን ቢበቃም፣ በኦሊምፒክ መድረክ ግን አንድም ጊዜ አልተሰለፈም።

ኮሮሊዮቭ ገና በ19 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ አንጋፋውን ቪክቶር ሚኻይሎቭን አሸንፎ «ፍጹም ሻምፒዮን» የተሰኘውን ከፍተኛ ማዕረግ ተቀዳጀ። ያለ ፋታ ወደ ፊት እየገፋ ተጋጣሚውን በቅርብ ርቀት በከባድ ቡጢ መደብደብ የታወቀበት ስልቱ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በቤልጂየም አንትወርፕ በተካሄደው የሠራተኞች ኦሊምፒያድም ድል ቀንቶታል። አገሩ በወቅቱ ከዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ እንቅስቃሴ ውጭ በመሆኗ ከዚህ የሰፋ የውጭ መድረክ ማግኘት አዳጋች ነበር። ፕሮፌሽናል ቦክስም በሶቪየት ኅብረት የተፈቀደ ስላልነበር፣ በዚያው ዘመን የዓለምን ቀበቶ ይዞ ከቆየው ከአሜሪካዊው ጆ ሉዊስ ጋር የመጋጠም ዕድል አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1941 የጀርመን ጦር አገሩን ሲወር ኮሮሊዮቭ ጓንቱን አስቀምጦ በርካታ ስፖርተኞች ወደተካተቱበት ልዩ ብርጌድ በበጎ ፈቃድ ገባ። ከዚያም ከጠላት ጦር ጀርባ በሽምቅ ይዋጋ በነበረው በዲሚትሪ ሜድቬዴቭ ክፍል ተመደበ፤ አዛዡ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሩሲያ ፕሬዚዳንት ከሆኑት ሰው ጋር ሞክሼ ነው። ሜድቬዴቭ በውጊያ ቆስሎ መራመድ ሲሳነው ኮሮሊዮቭ ተሸክሞ ከአደጋ አወጣው። በመንገዱ ላይ እጅ የሚሰጥ መስሎ በመቅረብ የጀርመን ጠባቂዎችን በቡጢ ዘርሯል ተብሎም ይተረካል። የቡጢው ዝርዝር በአፈ ታሪክ የዳበረ ሊሆን ይችላል፤ አዛዡን ማትረፉ ግን የተመሰከረለት ተግባር ነው። ለዚህም የቀይ ሰንደቅ ዓላማ ኒሻን ተሸልሟል።

ወደ ቦክስ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 የፍጹም ሻምፒዮንነት ማዕረጉን ዳግም አገኘ። ይሁንና ከእርሱ በ11 ዓመት የሚያንሰውና በመልሶ ማጥቃት የተካነው ሊቱዌኒያዊው አልጊርዳስ ሾሲካስ ብዙም ሳይቆይ ተነሳበት፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም የአንደኝነቱን ስፍራ ወሰደበት።

ሶቪየት ኅብረት በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ሲሆን፣ ያኔ ኮሮሊዮቭ 35 ዓመት ሞልቶት ነበር። በከባድ ሚዛን የተሰለፈው ሾሲካስ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ግጥሚያው በደቡብ አፍሪካዊው አንድሪስ ኒማን ተዘርሮ ከውድድሩ ወጣ። ሾሲካስ በ1953 እና በ1955 የአውሮፓ ሻምፒዮን በመሆን ስሙን አድሷል። ኮሮሊዮቭ ግን የኦሊምፒክን ሪንግ ሳይረግጥ እ.ኤ.አ. በ1974 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።