የግዙፉ ታጋይ የፕሪሞ ካርኔራ ታሪክ

በአገው ምድር በጥርባ ሜዳ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ትግል ሲገጥሙ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከመካከላቸው በቁመቱ የሚበልጠው ልጅ ገና ሳይያያዝ አሸናፊ ተብሎ ይቆጠራል። መታገል ይወድ እንደ ሆነ የሚጠይቀው የለም፤ ቁመቱ ይፈርድበታል። ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ኢጣሊያዊው ፕሪሞ ካርኔራም ዕድሜውን ሙሉ ቁመቱ የፈረደበት ሰው ነበረ። ስሙ ከአገራችን ታሪክ ጋራ የተገናኘበት አንድ ሌሊት ስላለም፣ ወጣቶች ሊያውቁት ይገባል።

ካርኔራ ጥቅምት 16 ቀን 1899 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣሊያ በፍሪዩሊ አውራጃ ሴኳልስ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ በኅብረ ቀለም ጠጠር ወለልና ግድግዳ የሚያስጌጥ ሠራተኛ ነበረ። ቤተ ሰቡ ድኃ ስለ ነበረ፣ ልጁ ገና ሳይጎለምስ ወደ ፈረንሳይ አገር ተሰድዶ የአናጢነት ሥራ ያዘ። ሰውነቱ ግን ከእኩዮቹ ሁሉ እያለፈ ሄደ። በአንጎል ሥር የምትገኝ ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ እጢ የሰውን ዕድገት ታዝዛለች፤ እርስዋ ሆርሞኗን ከመጠን በላይ ያመነጨች እንደ ሆነ የልጅ አጥንት ያለ ልክ ይረዝማል፣ ከጉልምስና በኋላም መንጋጋ፣ እጅና እግር ይገዝፋሉ። የካርኔራ ግዝፈት ከዚሁ ሕመም የመጣ መሆኑ ይታመናል። ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር ተጠጋ፤ ክብደቱም ወደ 120 ኪሎ ደረሰ።

ይህ ሰውነት እንጀራ ሆነው። በመጀመሪያ በሰርከስ ውስጥ ከባድ ነገር እያነሣና እየታገለ ተመልካች ያስደንቅ ነበረ። ኋላ አንድ የቀድሞ ቦክሰኛ አይቶት ሌዎን ሴ ለሚባል ሥራ አስኪያጅ አስተዋወቀውና፣ በ1921 ዓ.ም. መጀመሪያ በፓሪስ የመጀመሪያውን የቦክስ ግጥሚያ አደረገ። በ1922 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በዚያም አገር የኒው ዮርክ ወንበዴዎች በላዩ ላይ ባለ መብት ሆኑ። ከብዙ ተጋጣሚዎቹ አንዳንዶቹ ሆን ብለው እንዲወድቁ ተከፍሏቸዋል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ፤ ከሚገኘው ገንዘብ አብዛኛው ደግሞ በእርሱ እጅ አልገባም።

በየካቲት 1925 ዓ.ም. አንድ መራራ ነገር ደረሰ። ከእርሱ ጋራ የተጋጠመው ኤርኒ ሻፍ በመድረኩ ላይ ወድቆ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ። ሰው ሁሉ የግዙፉ ክንድ ገደለው አለ፤ ሟቹ ግን አስቀድሞ የአንጎል ሕመም የነበረበት መሆኑ ታወቀ። ካርኔራ እጅግ አዘነ። ሆኖም በዚያው ዓመት ሰኔ 22 ቀን ጃክ ሻርኪን በስድስተኛው ዙር ጥሎ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ።

በዚህ ጊዜ ሌላ ባለቤት መጣበት። ሙሶሊኒ ይህን ሰው የአዲሲቱ ኢጣሊያ ምልክት አድርጎ አቆመው፤ ጥቁር ሸሚዝ አልብሶም ለሕዝብ አሳየው። ሰኔ 7 ቀን 1926 ዓ.ም. ማክስ ቤር ካርኔራን 11 ጊዜ መሬት ላይ ጥሎ ማዕርጉን ወሰደበት። የፋሺስት መንግሥትም የወደቀውን ሰው ፎቶግራፍ ጋዜጦች እንዳያወጡ ከለከለ።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የወልወል ግጭት ተነሥቶ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሯን በምታከማችበት ወራት፣ ካርኔራ ከጥቁር አሜሪካዊው ከጆ ሉዊስ ጋራ እንዲገጥም ተወሰነ። ሉዊስ በአላባማ ከድኃ ገበሬዎች የተወለደ የ21 ዓመት ወጣት ነበረ፤ ከካርኔራም 29 ኪሎ ያህል ይቀል ነበረ። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም ከ60,000 የሚበልጥ ሕዝብ ተሰበሰበ። በሁለቱ ሰዎች ትከሻ ላይ ሁለት መንግሥታት የተጫኑ ይመስል ነበረ፤ የጥቁሮች ሠፈር ሃርለም ሉዊስን እንደ ኢትዮጵያ ተወካይ አድርጎ ይጠብቅ ነበረና። በስድስተኛው ዙር ግዙፉ ደጋግሞ ወደቀ፤ ዳኛውም ግጥሚያውን አቆመ። ሃርለም እስከ ሌሊቱ እኩሌታ በእልልታ ተናወጠች።

የአንድ ሰው ቡጢ ግን ጦርን አይመልስም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። ቢሆንም ያች ሌሊት በከንቱ አልቀረችም፤ በሩቅ አገር ያሉ ጥቁሮች የኢትዮጵያን መከራ የራሳቸው መከራ አድርገው መያዛቸውን ለዓለም አሳይታለች።

ካርኔራስ ምን ሆነ? ማሸነፍ ሲያቅተው የከበቡት ሁሉ ሸሹት። አንድ እግሩ ደነዘዘ፤ በ1930 ዓ.ም. አንድ ኩላሊቱን ሐኪሞች አወጡለት። ካሸነፈው ሁሉ የቀረው ገንዘብ ጥቂት ነበረ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1931 ዓ.ም. ሚስት አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለደ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1938 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ዕድሜው አርባ ሊሞላ ሲል እንደ ገና አሜሪካ ሄዶ የሙያ ታጋይ ሆነ። ለትርዒት በሚደረገው በዚህ ትግል ሕዝብ እየጎረፈ አየው። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ አሁን ሰውነቱ ያስገኘውን ገንዘብ ለቤቱ አዋለው፤ ልጆቹንም አሳደገበት። በ1945 ዓ.ም. የአሜሪካን ዜግነት አገኘ፤ በሎስ አንጀለስ አካባቢም የመጠጥ መደብር ከፈተ።

በመጨረሻ የጉበት ሕመም ስለ ጸናበት ወደ ተወለደባት መንደር ተመለሰ። ሻምፒዮን ከሆነ ልክ በ34ኛው ዓመት፣ ሰኔ 22 ቀን 1959 ዓ.ም.፣ በሴኳልስ ዐረፈ።

እኛ ኢትዮጵያውያን በጆ ሉዊስ ድል ብንደሰት የሚገባ ነው። ካርኔራ ያን ጥቁር ሸሚዝ መልበሱም አይካድም። ይሁን እንጂ ነገሩን ያስተዋለ ሰው ሁለተኛውን ጉዳይ ደግሞ ያያል፤ ይኸውም ወንበዴውም አምባገነኑም ትልቅ ያሉት ለሰውየው ብለው አለመሆኑን ነው። በወደቀ ጊዜ ፎቶግራፉን እንኳ ደበቁበት። ሥራ በመጀመር ላይ ያለ ወጣትም ከፍ ከፍ ሲያደርጉት፣ ለማን ጥቅም እንደ ሆነ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል።