ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና የእጅ ሥራ ክብር

በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ በፈረስ ላይ እንደ ተቀመጡ የሚታዩበትን የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ሐውልት የማያውቅ የፒያሳ ልጅ የለም። ሐውልቱ በ1923 ዓ. ም. ቆመ፤ ጠላት በወረራው ዘመን አነሣው፤ ከነጻነት በኋላ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። በ2016 ዓ. ም. ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በዚያው አካባቢ ተከፈተ። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ጀግኖቹን ያስባል፤ የሚገባም ነው። ዳሩ ግን በዓድዋ የተመዘዘውን ጎራዴ የቀጠቀጠው ማን ነበር ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ንጉሡ ሠራተኛውን አልረሱትም፤ ስለዚህ የሕይወታቸውን ታሪክ በዚህ በኩል እንመልከተው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ. ም. በሸዋ፥ አንጎለላ ላይ ከኃይለ መለኮትና ከወይዘሮ እጅጋየሁ ተወለዱ። በ1848 ዓ. ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ አባታቸው ሞቱ፤ እርሳቸውም ገና በልጅነታቸው ተማርከው ሄዱ። በምርኮ ላይ ሳሉ ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፥ ጋፋት በሚባለው ስፍራ፥ የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሰብስበው መሣሪያ ያሠሩ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ. ም. ከመቅደላ አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

የሸዋ ንጉሥ ከሆኑ በኋላ ጥበብን መፈለግ አልተዉም። በ1871 ዓ. ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ወደ አንኮበር መጣ። ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ፥ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ አዘዙት፤ ሠርቶም አሳያቸው ተብሎ ይተረካል። ኋላም የቅርብ አማካሪያቸው ሆነ።

ከ1880 ዓ. ም. ጀምሮ ክፉ ቀን በሚባለው የረኀብ ዘመን የከብት በሽታ በሬዎችን በጨረሰ ጊዜ፥ ገበሬው መሬቱን በእጁ መቆፈርን እንደ ውርደት እንዳያየው ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ንጉሥ የቆፈረውን መሬት መኳንንቱ እንዴት ሊንቁት ይችላሉ?

አዲስ አበባም ከተቆረቆረች በኋላ ሌላ ችግር ደረሰባት። በአካባቢዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ስለ ተጨፈጨፈ፥ ንጉሡ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ ከአውስትራሊያ የተገኘው ባሕር ዛፍ ነው። ኮክ የሚተክል ሰው ፍሬውን ለማየት ጥቂት ዓመታት ይጠብቃል፤ ኮክ የሚያፈራውም ባለፈው ዓመት በበቀለው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ በየዓመቱ መገረዝ አለበት። ባሕር ዛፍ ግን ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ በቶሎ ያድጋል፥ ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዛሬ ውኃ መምጠጡና አፈር መጉዳቱ የታወቀ ቢሆንም፥ በዚያን ጊዜ ከተማዋን ከመፈታት አድኗታል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር በዓድዋ ድል ሆነ። ከዘማቾቹ ብዙዎቹ ከውጭ የመጣ ጠመንጃ ቢይዙም፥ ጦርና ጎራዴ ይዘው የዘመቱት ጥቂት አልነበሩም። ያንን ጎራዴ የሠራው ባለ እጅ ግን በገዛ አገሩ ጠይብ ተብሎ ይሰደብ፥ ቡዳ ተብሎ ይፈራ ነበር። በአራዳ ገበያ ሕዝቡ ማረሻውን፥ ማጭዱንና ካራውን ይፈልጋል፤ ሠሪውን ግን ይሸሻል።

በጃፓን ነገሩ ሌላ ነበር። የጃፓን አንጥረኛ ብረቱን ደጋግሞ እያጠፈ ይቀጠቅጣል፤ ጭቃ ቀብቶ በእሳት ካጋለው በኋላ በውኃ ይነክረዋል። ዋኪዛሺ የተባለውን አጭር ጎራዴ ሲጨርስም፥ እጀታው ውስጥ በሚገባው ብረት ላይ ብዙ ጊዜ ስሙን ይቀርጻል። በ1868 ዓ. ም. የንጉሠ ነገሥት ሜይጂ መንግሥት ጎራዴ ታጥቆ መሄድን በከለከለ ጊዜ፥ ብዙዎቹ አንጥረኞች ቢላዋና የእርሻ መሣሪያ ወደ መሥራት ዞሩ። ስሙን በሥራው ላይ የሚጽፍ ሰው በሥራው አያፍርም፤ የኛው ቀጥቃጭ ግን ስሙ እንዳይነሣ ይመኝ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ ይህን በደል አይተው በ1900 ዓ. ም. አዋጅ አወጁ። ቀጥቃጩን በብረቱ፥ ሸማኔውን በጥበቡ፥ ፋቂውን በቆዳው የሚሳደብ ሰው ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቆጠርና አንድ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን፥ በአውሮፓ አዲስ ነገር የሚሠራ እንደሚከበር፥ በኛ አገር ግን ስድቡ ሠራተኛውን እያጠፋ አገሪቱን ባዶ እንደሚያስቀራት አስረዱ። በዘመናቸውም በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሕመም ጸናባቸው፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ. ም. ዐረፉ። ዐፅማቸውም በታእካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። እኔም በጨዋታ መካከል ይኸው ቃል በአንድ ልጅ ላይ ሲወረወር ሰምቼ ከሌሎቹ ጋር ስቄያለሁ። ይህን ታሪክ ካጠናሁ በኋላ በዚያ ሣቄ አፈርኩ።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ መልካም አዋጅ እንደ ባሕር ዛፍ አንድ ጊዜ ተተክሎ የሚተው አይደለም፤ እንደ ኮክ በየዓመቱ መኮትኮትና መገረዝ ያስፈልገዋል። ንጉሡ ተክለውታል፤ መኮትኮቱ ግን የእኛ ድርሻ ነው። ነገ በሐውልቱ ሥር ስናልፍ ፈረሰኛውን ብቻ ሳይሆን፥ ለፈረሱ ልጓም፥ ለዘማቹ ጎራዴ፥ ለገበሬው ማረሻ የቀጠቀጡትን ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎችም እናስብ።