ጆን ሐዋርድ፦ ደመወዝ ያልነበረው የወህኒ ቤቶች ተቆጣጣሪ

በሙያችን ዘንድ የጸና ደንብ አለ፤ ይኸውም ሥራውን የሠራው ተቋራጭ የራሱን ሥራ መርምሮ ሊረከብ አይችልም የሚለው ነው። ይህንኑ ደንብ ከብዙ ዘመን በፊት በእስረኞች አያያዝ ላይ በሥራ ያዋለው እንግሊዛዊው ጆን ሐዋርድ ግን መሐንዲስ አልነበረም።

ሐዋርድ እ.ኤ.አ. በ1726 ዓ.ም. በለንደን አካባቢ ተወለደ (ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ነጋዴ የነበሩት አባቱ በ1742 ሲሞቱ ከፍ ያለ ሀብት አወረሱት። በ1755 ሊስቦን በመሬት መንቀጥቀጥ ከፈራረሰች በኋላ ወደዚያች ከተማ ሲጓዝ፣ የተሳፈረባት መርከብ በፈረንሳዮች ተማረከች። ሐዋርድም በብሬስት ታስሮ በጭድ ላይ እየተኛ ረሃብንና ጥምን ቀመሰ። የእስራትን ምንነት ያወቀው በገዛ ሰውነቱ ነበር።

በ1773 የቤድፈርድሺር አውራጃ ሸሪፍ ሆኖ ተሾመ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የተደራጀ ፖሊስ ስላልነበረ፣ ተጠርጣሪው ዳኞች ዞረው እስኪመጡ ድረስ በአውራጃው ወህኒ ይቆይ ነበር። የወህኒ አዛዦች ደመወዝ የላቸውም፤ የሚተዳደሩት ከእስረኛው በሚቀበሉት ክፍያ ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት በነጻ ያሰናበተው ወይም ከሳሹ የቀረበት ሰው እንኳ ክፍያውን እስኪያሟላ ድረስ ወደ ወህኒው ይመለስ ነበር። ሐዋርድ ለአዛዡ ደመወዝ እንዲቆረጥለት የአውራጃውን ዳኞች ጠየቀ። እነርሱም በሌላ አውራጃ እንዲህ ያለ ልማድ መኖሩን እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ማስረጃውን ፍለጋ በፈረሱ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ቢዞርም፣ በየደረሰበት ያገኘው ያንኑ በደል ብቻ ነበር።

አሠራሩ ለእኛ ለመሐንዲሶች እንግዳ አይደለም። የክፍሉን ርዝመትና ስፋት ይለካል፤ የእስረኛውን ቁጥር፣ የዳቦውን መጠንና የሚከፈለውን ገንዘብ ይመዘግባል፤ አየርና ውሃ መግባታቸውን ይመረምራል። የወህኒው ክርፋት በልብሱ ላይ ስለሚቀር በሠረገላ መጓዝ አልቻለም፤ ማስታወሻ ደብተሩን እንኳ በእሳት አጠገብ ዘርግቶ ያናፍሰው ነበር።

በ1774 ያየውን ለፓርላማ አስረዳ። በዚያው ዓመት ሁለት ሕጎች ወጡ፤ አንደኛው በነጻ የተሰናበቱትን ከክፍያ የሚያድን፣ ሁለተኛው የእስረኞችን ጤና የሚመለከት ነበር። ሐዋርድ ሕጎቹን በገዛ ገንዘቡ አሳትሞ ለየወህኒው ላከ። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራዬ ተፈጸመ ብሎ ባረፈ ነበር። እርሱ ግን ሕጎቹ መፈጸማቸውን ለማየት እንደገና ዞረ፤ በብዙ ስፍራም ከወረቀት አለማለፋቸውን አረጋገጠ። የምርመራውን ውጤት በ1777 በመጽሐፍ አወጣ።

የአውሮፓንም ወህኒ ቤቶች ጎበኘ። በፓሪስ በር ሲዘጋበት፣ ለእስረኞች ምጽዋት የሚሰጥ ሰው እንዳይከለከል የሚያዝ አሮጌ ደንብ አግኝቶ በዚያ ገባ። በመጨረሻም በጥቁር ባሕር አቅራቢያ በምትገኘው በኬርሶን ከተማ በተስቦ ታሞ በጥር ወር 1790 ዓረፈ።

የሥራው ጉድለት በአንድ ሰው ሀብትና ጉልበት ላይ መመሥረቱ ነበር፤ እርሱ ሲያልፍ በስፍራው የሚተካ ሥርዓት አልነበረም። በ1981 በለንደን በብሪክስተን ሰፈር ሁከት ከተነሣ በኋላ፣ ጉዳዩን ያጣሩት ዳኛ ሎርድ ስካርማን ከፖሊስ ውጭ የሆኑ ሰዎች ጣቢያዎችን በድንገት እንዲጎበኙ ሐሳብ አቀረቡ። አሠራሩም በ2002 በእንግሊዝና በዌልስ በሕግ ጸና። ጎብኚዎቹ ደመወዝ የማይቀበሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ቀጠሮ ሳይሰጡ፣ ቀንም ሆነ ሌሊት ገብተው ተይዞ ያለው ሰው መብላቱን፣ ጤንነቱንና መብቱ የተነገረው መሆኑን ይጠይቃሉ።

የሐዋርድ ሕይወት የሚያስተምረን ይህንን ነው፦ ትእዛዝ መውጣቱ ብቻ ሥራው ለመፈጸሙ ማስረጃ አይሆንም። ቁልፉን የያዘው ሰው ቅን ቢሆን እንኳ፣ ከእርሱ ሌላ የሆነ ዓይን ገብቶ ማየት አለበት።