አጥንትን ከአጥንት ጋር ያወዳደረው ሐኪም

የተሰበረ አጥንት በብልኅ ወጌሻ እጅ ተቃንቶና ታስሮ ሲጠገን ብዙዎቻችን አይተናል። ነገር ግን ከአጥንቱ አንዱ ክፍል በበሽታ ወይም በጥይት ጠፍቶ መካከሉ ባዶ የቀረ እንደ ሆነ፣ የሚጋጠም ነገር ስለማይኖር ችግሩ ይከብዳል። ከ150 ዓመት በፊት በአውሮፓ ሆስፒታሎች ለእንዲህ ያለው ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚታዘዝለት እጁን ወይም እግሩን መቁረጥ ነበር። ፈረንሳዊው ሐኪም ሌዎፖልድ ኦሊዬ ይህን ልማድ ለመለወጥ ዕድሜውን የሰጠ ሰው ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦሊዬ በደቡብ ፈረንሳይ፣ አርዴሽ በተባለው አውራጃ፣ ሌ ቫን በምትባል ትንሽ ከተማ በ1830 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ እርሱም በሞንፔሊዬና በሊዮን ተምሮ በ1860 የሊዮን ትልቅ ሆስፒታል የነበረው የኦቴል ዲዩ ዋና የቀዶ ጥገና ሐኪም ለመሆን በቃ።

ከእርሱ 100 ዓመት ያህል አስቀድሞ በሊቃውንት ዘንድ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ዱሃሜል የተባለው ፈረንሳዊ፣ አጥንትን የሚሠራው በላዩ የተለበጠው ስስ ልባስ ነው ሲል፣ የስዊሱ ሊቅ ሃለር አይደለም ብሎ ተቃወመው። ኦሊዬ ከ1858 ጀምሮ ይህን ክርክር በአፍ ሳይሆን በሙከራ ሊፈታ ተነሣ።

መጀመሪያ ከጥንቸል ቅልጥም ላይ ልባሱን እንደ ጥብጣብ ገፎ፣ አንድ ጫፉን ሳይቆርጥ በእግሩ ሥጋ ዙሪያ ጠመጠመው። ጥብጣቡ በዞረበት ሁሉ አዲስ አጥንት በቀለ። ቀጥሎ ልባሱን ፈጽሞ ቆርጦ በዚያው እንስሳ ገላ በሌላ ቦታ ተከለው፤ እዚያም አጥንት ወጣ። በሦስተኛው ሙከራ የልባሱን የውስጥ ገጽ ፋቀው፤ በተፋቀው በኩል ምንም አልበቀለም። ስለዚህ የሚሠራው ልባሱ በሙሉ ሳይሆን አጥንቱን የሚነካው የውስጡ ንጣፍ መሆኑን አወቀ። የኦሊዬ ብልኀት ከዚህ ላይ ነው፤ በየሙከራው አንድ ነገር ብቻ እየለወጠ የቀረውን እንዳለ ይተወው ነበርና ለውጡ ከየት እንደ መጣ አልጠፋውም።

ከዚህም አልፎ የተተከለውን ነገር በምንጩ አወዳደረ። ከራሱ ከእንስሳው፣ ከዘመዱ፣ እንዲሁም ከሌላ ዓይነት እንስሳ የተወሰደውን በየተራ ቢሞክር፣ ከሁሉ የበለጠው ከራሱ ገላ የተወሰደው ሆኖ አገኘው። ከባዕድ ዘር የመጣው ግን እንደ ሕያው ሆኖ ሊበቅልለት አልቻለም።

ይህን ዕውቀት ወደ ሕመምተኞቹ አመጣው። በሽታ የበላውን አጥንት ሲያወጣ ልባሱን በጥንቃቄ በቦታው ይተወው ስለ ነበር፣ ይቆረጥ የነበረው እጅ ወይም እግር የሚድንበት መንገድ ተገኘ። በ1867 ስለ አጥንት መታደስ ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚን ታላቅ ሽልማት ከሐኪሙ ከሴዲዮ ጋር ተካፈለ። በ1877 በሊዮን የሕክምና ፋኩልቲ ፕሮፌሰር ሆነ።

ኦሊዬ ሁሉን ጨርሶ አላወቀም። የግላስጎው ሐኪም ዊሊያም ማክዊን ከ1880 ገደማ ጀምሮ ከሌሎች ሕመምተኞች የወጣ የአጥንት ስባሪ ለአንድ ሕፃን ክንድ ተክሎ ተሳካለት። በ1912 ባሳተመው መጽሐፍም፣ በውሾች ላይ ያደረገውን ሙከራ አስረጂ አድርጎ፣ አጥንትን የሚሠራው ራሱ አጥንቱ እንጂ ልባሱ አይደለም ሲል ተከራከረ። አጥንት የሚሠሩ ሕዋሳት በልባሱም በአጥንቱም መኖራቸው ዛሬ ስለሚታወቅ፣ ሁለቱም እውነቱን በየበኩላቸው አይተውታል ማለት ነው።

በ24 ጁን 1894 ፕሬዚዳንት ካርኖ ሊዮንን ሲጎበኙ ለኦሊዬ ከፍተኛ የክብር ኒሻን ሰጡት። በዚያው ማታ ፕሬዚዳንቱ በጩቤ ተወጉና ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ እርሱ ሆነ፤ ነገር ግን ሊያድኗቸው አልቻሉም። ኦሊዬም በኖቬምበር 1900 በ69 ዓመቱ ዐረፈ።

ሥራው ግን አልቆመም። ከራስ ገላ የሚወሰድ አጥንት ሁለተኛ ቁስል ያመጣል፤ መጠኑም ጥቂት ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከካልሲየም ፎስፌት የተሠራ ሴራሚክ፣ ልዩ መስታወትና የታከመ የከብት አጥንት በጥንቸልና በበግ አጥንት ቀዳዳ ውስጥ እየጨመሩ ያወዳድራሉ። በፍርዱም እንዳይሳሳቱ አንዱን ቀዳዳ ባዶ ይተዉታል፤ በሌላው ደግሞ የእንስሳውን የራሱን አጥንት ይጨምሩበታል። ባዶው ቀዳዳ በራሱ የሚድን ከሆነ፣ አዲሱ ነገር ምን እንደ ሠራ አይታወቅምና።

የኦሊዬ ሕይወት ለተማሪም ሆነ በሥራ ላይ ላለ ወጣት የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ከሌላው ይሻላል ከማለታችን በፊት ሁለቱን በትክክል አመዛዝነን እንደ ሆነ ራሳችንን እንጠይቅ።