ከበር የተመለሰው ተማሪ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት ከኮሌጅ በር የሚደርስበት ወቅት ተስፋና ሥጋት የሚቀላቀሉበት ወቅት ነው። ለአንዳንዱ በሩ ወዲያው ይከፈትለታል፤ አንዳንዱ ግን ዓመታት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል። ከዚህ ቀጥሎ ታሪኩ የሚነገርለት ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ተቀብለንሃል ከተባለበት ኮሌጅ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከበር የተመለሰ፣ ሆኖም መመለሱን የትምህርቱ ፍጻሜ ያላደረገ ሰው ነበር። በዚህ ምንባብ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ካርቨር የተወለደው በ1864 ዓ.ም. ገደማ፣ በዩናይትድ ስቴትስ፣ በሚዙሪ ግዛት፣ ዳይመንድ በተባለች መንደር አጠገብ ነው። የባሪያ ልጅ ልደት በመዝገብ የሚሰፍርበት ጊዜ አልነበረምና የተወለደበት ቀን በትክክል አይታወቅም። እናቱ ሜሪ፣ ሞዘስ ካርቨር የተባለ ገበሬ በገንዘብ የገዛት ባሪያ ነበረች። በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ወንበዴዎች መጥተው እናትና ልጅን ይዘው ሄዱ። ሞዘስ ካርቨር ሰው ልኮ ቢያስፈልግ ሕፃኑ ብቻ በሕመም ተዳክሞ ተገኘ፤ ልጁን ላመጣውም ሰው አንድ ፈረስ በወሮታ ተሰጠው። እናቱ ግን የውሃ ሽታ ሆና ቀረች።

ባርነት በ1865 ዓ.ም. በሕግ ከተሻረ በኋላ፣ ሞዘስና ሚስቱ ሱዛን ጆርጅንና ታላቅ ወንድሙን ጂምን በቤታቸው አሳደጓቸው። ጆርጅ ሰውነቱ ደካማ ስለ ነበር ከእርሻው ሥራ ይልቅ ወጥ መሥራትን፣ ልብስ ማጠብንና መስፋትን ተማረ። እነዚህ ሙያዎች ወደፊት የትምህርት ቤት ክፍያውን የሚሸፍኑለት መሆናቸውን በዚያን ጊዜ ማንም አልገመተም። ፊደል ያስቆጠረችውም ሱዛን ናት። ትርፍ ጊዜውን በጫካ ውስጥ ዕፀዋትን ሲመረምር ስለሚያሳልፍ፣ የአበባ ተክል የጠወለገባቸው ጎረቤቶች የዕፀዋት ሐኪም እያሉ ይጠሩት ነበር።

በአካባቢው የነበረው ትምህርት ቤት ግን ጥቁር ልጅ አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ገና በልጅነቱ ቤቱን ትቶ፣ ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጉዞ፣ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ወዳለባት ወደ ኒኦሾ ከተማ ሄደ። በዚያም ማራያ ዋትኪንስ የተባለች አዋላጅ በቤቷ አስጠጋችው። እርሱም በቤት ውስጥ ሥራ ያግዛት ነበር። ይህች ሴት የሚችለውን ሁሉ እንዲማር፣ ከተማረም በኋላ ዕውቀቱን ለወገኖቹ መልሶ እንዲያካፍል መከረችው። ምክሯ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ከልቡ አልጠፋም።

ኒኦሾ የምታስተምረውን ሲጨርስ ወደ ካንሳስ ግዛት ተሻገረ። በ1879 ዓ.ም. ፎርት ስኮት በተባለች ከተማ ሳለ፣ ነጮች ተሰብስበው አንድን ጥቁር ሰው ያለ ፍርድ ሲገድሉ አይቶ ወዲያው ከተማይቱን ለቆ ወጣ። ከዚያም ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ፣ ለሰው ወጥ እየሠራ፣ ልብስ እያጠበና እየተኮሰ፣ በመጨረሻ ሚኒያፖሊስ በተባለች ትንሽ የካንሳስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ተከታተለ።

በ1880ዎቹ አጋማሽ በዚያው ግዛት ሃይላንድ በተባለች ከተማ ወደሚገኝ ኮሌጅ የማመልከቻ ደብዳቤ ላከ። ኮሌጁም ተቀብሎታል የሚል መልስ ሰጠው። ወጣቱ ደስ ብሎት ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ከኮሌጁ ደርሶ ራሱን ሲያስተዋውቅ ግን ኃላፊው ጥቁር መሆኑን አይቶ ትምህርት ቤቱ ጥቁሮችን እንደማይቀበል ነገረው። ደብዳቤው ያው፣ አመልካቹም ያው ነበር፤ የተለወጠ ነገር ቢኖር ኃላፊው የአመልካቹን ፊት ማየቱ ብቻ ነው። ሕፃንነቱን ባርነት፣ ልጅነቱን ስደት የተጫነው ይህ ወጣት፣ ከዚህ ቀን ወዲህ ለብዙ ጊዜ ሌላ ኮሌጅ ለመሞከር ድፍረት አጣ።

ይሁን እንጂ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1886 ዓ.ም. በምዕራብ ካንሳስ መንግሥት ለሰፋሪዎች ከሚሰጠው መሬት ይዞታ ወሰደ። በዚያ ሜዳ እንጨት ስለማይገኝ ከእነሣሩ ተቆርጦ በወጣ አፈር ቤቱን ሠራ፤ ሰባት ሄክታር የሚሆነውንም መሬት አለማ። በቆሎና አትክልት ተከለ፤ ልዩ ልዩ ዕፀዋትን ሰብስቦ አኖረ፤ ሥዕልም ይለማመድ ነበር። አስተማሪና ፈተና ባይኖሩትም፣ ስለ አፈር፣ ስለ ድርቅና ስለ ዘር በገዛ እጁ የተማረው በዚያ ነው። በ1888 ዓ.ም. ከአካባቢው ባንክ 300 ዶላር ተበደረ፤ ትምህርቱን የመቀጠል አሳብ ከልቡ አልወጣም ነበርና።

ከዚህ በኋላ ወደ አዮዋ ግዛት ሄዶ ዊንተርሴት በተባለች ከተማ በልብስ አጣቢነት ሲሠራ፣ ሚልሆላንድ ከተባሉ ሐኪምና ከሚስቱ ጋር ተዋወቀ። ባልና ሚስቱ ተሰጥኦውን ተመልክተው ኮሌጅ እንዲገባ ደጋግመው ጎተጎቱት። ካርቨር የሃይላንድን በር አስታውሶ ብዙ ካመነታ በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. ኢንዲያኖላ በምትባል ከተማ ወደሚገኘው ሲምፕሰን ኮሌጅ አመለከተ። ያ ኮሌጅ ተቀበለው። ከሃይላንድ ከተመለሰ አምስት ዓመት ያህል ሆኖት፣ ዕድሜውም ወደ ሃያ ስድስት ተጠግቶ ነበር። ክፍያውን ፈጽሞ በእጁ የቀረው አሥር ሳንቲም ብቻ ስለ ነበር፣ በአምስቱ የበቆሎ ዱቄት፣ በአምስቱም ሞራ ገዝቶ አንድ ሳምንት ያህል በዚያ ቆየ። ከዚያ በኋላ በልጅነቱ የተማረው ሙያ ደረሰለት፤ የተማሪዎችን ልብስ እያጠበ ኑሮውን ደጎመ።

ካርቨር ወደ ሲምፕሰን የገባው ሥዕል ለመማር ነበር። የሥዕል መምህርቱ ኤታ በድ፣ ዕፀዋትን እንዴት አድርጎ እንደሚሥልና እንደሚያውቃቸውም አስተዋለች። ጥቁር ሰው በሥዕል ብቻ መተዳደር እንደሚከብደው ተገንዝባ፣ አባቷ ወደሚያስተምርበት፣ በኤምስ ከተማ ወዳለው የአዮዋ የእርሻ ኮሌጅ እንዲዛወር መከረችው። ካርቨርም በ1891 ዓ.ም. የዚያ ኮሌጅ የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሆነ። በመጀመሪያ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር እንዲመገብ አልተፈቀደለትም፤ ምግቡን የሚበላው ከምድር ቤት ከሠራተኞች ጋር ነበር። ከኢንዲያኖላ የመጣች አንዲት ወዳጁ ግን ሆን ብላ ከእርሱ ጋር ከምድር ቤት ተቀምጣ በላች፤ ከዚያም ወዲህ ሁኔታው እየተሻሻለለት ሄደ። በ1894 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1896 ዓ.ም. ሁለተኛ ዲግሪውን ተቀበለ፤ የኮሌጁም የመጀመሪያ ጥቁር መምህር ሆነ።

በኤምስ ቢቀር የተደላደለ ኑሮ ይጠብቀው ነበር። በ1896 ዓ.ም. ግን እንደ እርሱ በባርነት የተወለደው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን፣ በአላባማ ግዛት ጥቁሮች ለሚማሩበት ለቱስኪጊ ትምህርት ቤት የእርሻ ክፍል ኃላፊ እንዲሆን ጠራው። የማራያ ዋትኪንስ ምክር የሚፈጸምበት ጊዜ ደረሰ፤ ካርቨር ጥሪውን ተቀበለ። ቱስኪጊ ሲደርስ የላቦራቶሪ ዕቃ አልነበረም። ስለዚህ ከተማሪዎቹ ጋር ከቆሻሻ መጣያ ጠርሙስና ቆርቆሮ እየለቀመ መሥሪያ አበጀ።

በዚያ አገር ያሉት ጥቁር ገበሬዎች አብዛኞቹ የሌላ ሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ፣ በዕዳ የተተበተቡ ጭሰኞች ነበሩ። በየዓመቱ ጥጥ ብቻ ስለሚዘራበት መሬቱ ተሟጦ ነበር። ካርቨር ጥጥን ከኦቾሎኒና ከሌሎች ጥራጥሬዎች ጋር እያፈራረቁ እንዲዘሩ አስተማራቸው። ጥራጥሬዎች በሥራቸው ላይ በሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ከአየር ናይትሮጂን ወስደው አፈሩን ያዳብራሉና። ስኳር ድንችም እንዲተክሉ መከረ። ወደ ትምህርት ቤት ለመምጣት ለማይችሉትም ገበሬዎች፣ በ1906 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያና ዘር የጫነ ጋሪ ተዘጋጅቶ በየመንደሩ እየዞረ ያስተምር ጀመር። በበር የተመለሰው ሰው ትምህርት ቤቱን ራሱን ወደ ገበሬው ደጅ ላከ።

ገበሬው ያመረተው ገበያ እንዲያገኝም ከኦቾሎኒና ከስኳር ድንች ምግብ፣ ቀለም፣ ሳሙናና ሌሎች ብዙ ነገሮች የሚሠሩበትን መንገድ አሳየ። የኦቾሎኒ ቅቤን የፈለሰፈው እርሱ ነው እየተባለ የሚነገረው ግን ትክክል አይደለም። ትልቁ ሥራው፣ ድኻው ገበሬ ባለው ነገር መሬቱን እንዲያድንና ቤተሰቡን እንዲመግብ ማስተማሩ ነው።

ካርቨር በቱስኪጊ ከአርባ ስድስት ዓመት በላይ አገልግሎ በጥር ወር 1943 ዓ.ም. ሞተ፤ በዚያው ከቡከር ቲ. ዋሽንግተን መቃብር አጠገብ ተቀበረ። ሚስትና ልጅ አልነበረውም። በቁጠባ ያጠራቀመውን 60,000 ዶላር ያህል ገንዘብ ከእርሱ በኋላ ለሚካሄድ የእርሻ ምርምር አውርሶ አለፈ። በዚያው ዓመት የተወለደበት ስፍራ ብሔራዊ መታሰቢያ እንዲሆን ተወሰነ።

የሃይላንድ በር በተዘጋበት ቀን ካርቨር ያጣው ነገር ቀላል አልነበረም፤ የወጣትነቱን አምስት ዓመታት አጥቷል፤ ያ ግፍ ግፍ መሆኑም አይካድም። ሆኖም በአፈር ቤት የተቀመጠባቸው ዓመታት ስለ መሬት ያስተማሩት ነገር፣ ኋላ የአላባማ ገበሬዎች ለጠየቁት ጥያቄ መልስ ሆኖ ተገኘ። ኮሌጅ የገባበት ቀን ዘገየ እንጂ የመማሩ ቀን አልተቋረጠም።