በጆሮው ያነበበው ሰው፦ የጣሃ ሁሴን ታሪክ

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የአረብኛ ቋንቋና ባህል የተማረ ሰው፣ ካይሮም ይማር ፓሪስ፣ አንድ ስም ሳይሰማ አይመረቅም። ጣሃ ሁሴን። ልብ ወለድ ጸሐፊ፣ ፕሮፌሰር፣ የትምህርት ሚኒስትር። የሚገርመው ግን ይሄ ሁሉ መጽሐፍ ያለፈበት ሰው በዓይኑ አንዲት ገጽ እንኳ አንብቦ አያውቅም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በህዳር 1889 በላይኛው ግብፅ፣ ሚንያ ውስጥ ማጋጋ ከተማ አጠገብ ባለች መንደር ተወለደ። ለአባቱ ከ13 ልጆች 7ኛው ነው። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ዓይኑን ታመመ። መጀመሪያ ቤተሰቡ ቸል አለው፤ ቆይቶ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ መጥቶ በራሱ መላ አከመው። ዓይኑ በዚያው ጠፋ።

ስለ ልጅነቱ ራሱ ከጻፈው ውስጥ የማይረሳ አንድ ነገር አለ። አንድ ቀን ቤተሰቡ እራት ቀርቦ ሳለ፣ እንደ ሌላው ሰው በአንድ እጁ ሳይሆን በሁለት እጁ ቢጎርስ ምን ይሆናል ብሎ ሞከረው። ወንድሞቹ በሳቅ ፈረሱ፣ እናቱ አለቀሰች፣ አባቱ በሐዘን ድምፅ ገሰጸው። ከዚያ ቀን በኋላ በማንኪያ የሚበላና የሚፈስ ምግብ ሁሉ ተወ። ሾርባ የለ፣ ሩዝ የለ። ሰው እንዳይስቅበት ብቻ። ለዓመታት!

መንደሩ ውስጥ ለእንደዚህ ዓይነት ልጅ የነበረው መንገድ አንድ ነው፤ ቁርአን በቃል መያዝ። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው ያዘ። ግን ደግሞ ረሳው! አባቱ እንግዶች ተቀምጠው ሳለ እስቲ ቅራ ቢለው አንድ መስመር እንኳ መቀጠል አቃተው። ቄስ ትምህርት ቤት ወይም መድረሳ ያለፈ ሰው ይቺን ሐፍረት ያውቃታል።

በ1902 ወንድሙን ተከትሎ ካይሮ ገባ፤ አል-አዝሃር ሊማር። የመግቢያ ፈተናው ላይ ፈታኙ በስሙ አልጠራውም፤ ዓይነ ስውርነቱን ነው የጠራው። ቀን ቀን በመስጊዱ ምሰሶዎች ሥር ከሼኽ ወደ ሼኽ እየተመራ ይማራል፣ ምግቡ ዳቦና የሸንኮራ ማር ነው። ማታ ወንድሙ ጓደኞቹ ጋ ሊያጠና ሲሄድ እሱ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ጨለማ ላይ ይቀመጣል። የሻይና የሳቅ ድምፅ ከጎረቤት ይሰማል፤ መሄድ ያምረዋል፣ ለመጠየቅ ግን ያፍራል።

ስለ አል-አዝሃር ካነሳን አይቀር፣ እዚያ የኛ ሰዎችም ነበሩ። ከኢትዮጵያና ከአካባቢው ለሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎች የጀበርቲ ሪዋቅ የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። የግብፅ ታላቁ ታሪክ ጸሐፊ አል-ጀበርቲ ስሙን ያገኘው ከዚያው ወገን ነው።

ወደ ጣሃ እንመለስ። አል-አዝሃር አሰለቸው። ትምህርቱ ማብራሪያ፣ የማብራሪያው ማብራሪያ፣ ከዚያ ደግሞ በኅዳጉ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። የወደደው የሥነ ጽሑፍ መምህሩን ሼኽ አል-መርሰፊን ብቻ ነበር ቢባል ብዙ አልተጋነነም። በ1908 መጨረሻ አዲሱ የግብፅ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ሮጦ ገባ።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። አስተማሪዎቹ እነማን ነበሩ መሰላችሁ? አንዱ ጣሊያናዊው ኢኛሲዮ ጉዊዲ ነው፤ በ1901 የአማርኛ ጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው። ሌላው ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን፤ በ1906 የአክሱምን ሐውልቶችና ጽሑፎች ያጠናውን የጀርመን ቡድን የመራው። በአክሱም ድንጋይ ላይ የተጻፈውን ግዕዝ ሲያነብ የነበረ ሰው ነው ካይሮ ሄዶ ለጣሃ ሴማዊ ቋንቋዎችን ያስተማረው። አረብኛ እህት ቋንቋዎች ያሉት፣ ታሪክ ያለው፣ የሚመረመር ነገር መሆኑን ጣሃ የተረዳው ከእነዚህ ሰዎች ነው። ለአል-አዝሃር ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

በ1912 የአል-አዝሃርን የመጨረሻ ፈተና ወደቀ። እሱ ሆን ተብሎ ነው የጣሉኝ ባይ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ከአዲሱ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን ዶክትሬት ወሰደ። ርዕሱ አቡል ዓላእ አል-መዓሪ፤ ከ900 ዓመት በፊት ሶርያ ውስጥ የኖረ ገጣሚ፣ እሱም ዓይነ ስውር።

ከዚያ ፈረንሳይ፣ መጀመሪያ ሞንፔሊየ፣ ቀጥሎ ሶርቦን። ፈረንሳይኛውንም ላቲኑንም በጆሮው ነው የተማረው። ሞንፔሊየ ላይ መጽሐፍ የምታነብለት ሱዛን የምትባል ወጣት አገኘ። እሷ ካቶሊክ፣ እሱ ሙስሊም፣ ዘመኑ ደግሞ የአንደኛው የዓለም ጦርነት። በ1917 ተጋቡ። በኢብን ኻልዱን ላይ ሁለተኛ ዶክትሬቱን ይዞ በ1919 አገሩ ገባ።

አሁን ዋናው ጣጣ መጣ። በ1926 ከእስልምና በፊት ስለነበረው የአረቦች ግጥም መጽሐፍ አወጣ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፦ እነዚህ ግጥሞች እውነት የዚያን ዘመን ናቸው? የእሱ መልስ አብዛኞቹ አይደሉም፣ በኋላ የተፈጠሩ ናቸው የሚል ነው። አንዱ ማስረጃው እንዲህ ነው፤ የደቡብ የመን ሰዎች የሚናገሩት ሌላ ቋንቋ ሆኖ ሳለ፣ በስማቸው የሚነገረው ግጥም እንዴት የሰሜኖቹን ጥርት ያለ አረብኛ ይናገራል? በመሃል ግን ስለ ኢብራሂምና ኢስማኢል ታሪክም የጥርጣሬ ቃል ጣል አደረገ። አገር ተናወጠ። ሼኾቹ ከሰሱት፣ ፓርላማው ተንጫጫ፣ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ዐቃቤ ሕጉ መጽሐፉን ቁጭ ብሎ መረመረና በ1927 የወንጀል ሐሳብ አላገኘሁም ብሎ ዘጋው። ጣሃ ያቺን ክፍል አውጥቶ፣ ሌላ ጨምሮ፣ በአዲስ ርዕስ አሳተመው። ዛሬ ብዙ ምሁራን በግጥሞቹ ላይ አብዝቶታል ይላሉ፤ ለኔም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ። ግን ጥያቄውን የጠየቀው እሱ ነው።

በ1932 የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ ዲን ሳለ መንግሥት ለፖለቲከኞች የክብር ዶክትሬት ስጥ አለው። እምቢ አለ። ከዩኒቨርሲቲ አንስተው ሚኒስቴር ቢሮ ወረወሩት። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሉጥፊ አል-ሰይድ ተቃውሞ ሥራውን ለቀቀ። እንዲህ ዓይነት አለቃ ዛሬ ይገኛል እንዴ?

ተማሪዎቹ ውስጥ ሱሀይር አል-ቀለማዊ ነበረች። ሐኪም ልትሆን ፈልጋ አልሆነላትም፣ እሱ የአረብኛ ክፍል ውስጥ አስገባት። በሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ላይ ሠርታ በ1941 ዶክትሬቷን ያዘች።

በ1950 የትምህርት ሚኒስትር ሆነ። የሁለተኛ ደረጃና የሙያ ትምህርት ነፃ እንዲሆን አደረገ። ሥልጣን ላይ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው የቆየው፤ ያን ጊዜ ግን አባቱ መክፈል የማይችል የገበሬ ልጅ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ።

ጥቅምት 28 ቀን 1973፣ የጥቅምቱ ጦርነት ገና በተኩስ አቁም በቆመ ሰሞን፣ በ83 ዓመቱ ካይሮ ውስጥ አረፈ። ሱዛን እዚያው ግብፅ ቀረች። እሱ ካለፈ በኋላ አብረው ስለኖሩት ሕይወት መጽሐፍ ጻፈች፤ በፈረንሳይኛ ጽፋው ወደ አረብኛ ተተረጎመ። የአረብኛው ርዕስ አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ትርጉሙም ካንተ ጋር።